ማዘዝ የማይችል መሪ፤ ስለ መላ አፍሪካ የልብ ሕክምና ማኅበር አመራር

(ለማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የሆስፒታል ዲሬክተር ያዝዛል፤ ትእዛዙ ካልተፈጸመም የሚቀጣበት ደንብ በእጁ አለ። የዩኒቨርሲቲ ዲን በጀት ይደለድላል፤ ሹመት ይሰጣል። የጤና ሚኒስትር በአንድ ደብዳቤ ከርእሰ ከተማው እስከ ጠረፍ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ያንቀሳቅሳል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆመው የባለሙያዎች ማኅበር መሪ ነው። የሚያዝዘው ሠራተኛ የለውም፤ የሚቀጣበት ደንብ የለውም፤ የሚመራቸው ሰዎች ዕውቀታቸው ከእሱ የማያንስ፣ አንዳንዶቹም በዕድሜም በሙያም የሚበልጡት ናቸው። መሪነቱ በአንድ አገር ብቻ ሳይወሰን አህጉርን የሚሸፍን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል። እንዲህ ያለው ሰው የሚመራው በምንድን ነው? ሥራው ተሠራ፣ አልተሠራም የሚባለውስ በምን ተለክቶ ነው?

ይህን ጥያቄ በባዶው ከመመርመር ይልቅ አንድ እውነተኛ ማኅበር ይዞ መመልከት ይሻላል። ለዚህም የመላ አፍሪካ የልብ ሕክምና ማኅበር፣ በአባላቱ ዘንድ በተለምዶ «ፓስካር» የሚባለው፣ ከሌሎች ይልቅ የሚመች ምሳሌ ነው። ለኢትዮጵያ የልብ ሐኪሞችም ቅርብ ነው፤ ከማኅበሩ ታላላቅ ሥራዎች በአንዳንዶቹ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንና ሐኪሞች ተካፍለዋል፤ ከውሳኔዎቹ ዋነኛ የሆነው አንዱም የአዲስ አበባን ስም ይዞ ይጠራል። (በዚህ ንግግር የሚነሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1981 በናይጄሪያ ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር በ1950 ሲቋቋም አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር የነበረ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ የሠላሳ ዓመቱ መዘግየት የሚያስገርም አይሆንም። ይልቁንስ የሚያስገርመው መሥራቾቹ ማኅበሩን ያቋቋሙበት ምክንያት ነው። በዘመኑ የነበረው የልብ ሕክምና መጽሐፍ በአመዛኙ የተጻፈው ስለ ሌላ ሕዝብ ልብ ነበር። የልብን ደም ሥር ስለሚደፍነው ሕመም ብዙ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ፣ አፍሪካዊው ሐኪም ማለዳ ማለዳ በክፍሉ ተኝተው ስለሚያገኛቸው ሕሙማን ግን ጥቂት ገጽ ብቻ ነበረው። በ1948 ካምፓላ ላይ ዴቪስ የገለጠው፣ የልብን የውስጥ ግድግዳ እያጠነከረ ደም እንዳይቀበል የሚያደርገው ሕመም፣ ለአውሮፓው ሐኪም እንግዳ ነገር ነው፤ ለኡጋንዳውና ለሞዛምቢኩ ሐኪም ግን የዕለት ሥራ ነው። ከወሊድ በኋላ እናቶችን የሚይዘው የልብ ድካም፣ በቲቢ ምክንያት የሚመጣው የልብ ሽፋን ብግነት፣ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ እንዲሁም ሳይታወቅ ቆይቶ በድንገት የሚጥለው የደም ብዛት፣ ሁሉም ራሳቸውን የቻለ ጥናት የሚጠይቁ ነበሩ። መሥራቾቹ ያሉት ባጭሩ፣ የአፍሪካን ሕዝብ የልብ ሕመም አፍሪካውያን ሐኪሞች ራሳቸው ሊያጠኑት ይገባል ነው።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ቋንቋ ነው። የዳካሩ ሐኪም በፈረንሳይኛ፣ የማፑቶው በፖርቱጋልኛ፣ የካይሮው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተምሯል። ሁለተኛው መንገድ ነው። ከአንዱ የአፍሪካ ርእሰ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ በፓሪስ ወይም በለንደን በኩል መዞር የተለመደ በነበረበት ዘመን (በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ለአህጉሩ ስብሰባዎች የዋለው ውለታ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም) አንድን የሥራ አስፈጻሚ ጉባኤ መሰብሰብ ራሱ የአንድ ዓመት ሥራ ነበር። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ግን ሐኪሙ ራሱ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ያሉት የልብ ሐኪሞች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ በሆኑበት ሁኔታ፣ ያው አንድ ሰው ማለዳ ሕሙማን ያያል፣ ከሰዓት በኋላ ያስተምራል፣ ማታ የሚኒስቴሩ አማካሪ ይሆናል፤ በተረፈችው ሰዓት ደግሞ የአህጉሩን ማኅበር ምራ ይባላል። ይህ የመጨረሻው ችግር ወደ ኋላ በሰፊው ይነሣል።

እንግዲህ ማዘዝ የማይችለው መሪ የሚመራው በምንድን ነው ለተባለው የመጀመሪያው መልስ፣ አንድን ጥያቄ መርጦ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጠይቁት በማድረግ ነው የሚል ይሆናል። ይህም በተግባር የታየው በጥቅምት ወር 2005 ነው። በደቡብ አፍሪካ በድራከንስበርግ ተራሮች ሥር ማኅበሩ በጠራው ዐውደ ጥናት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞች ለሁለት ቀን ተሰብስበው ስለ ሩማቲክ ትኩሳትና ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ብቻ ተነጋገሩ። የወጣው መግለጫ አራት ነገር ጠየቀ፤ ሕዝቡ ስለ ሕመሙ እንዲያውቅ፣ የሕመሙ ስፋት በመዝገብ እንዲያዝ፣ መንግሥታት እንዲሰሙት፣ እንዲሁም ሕመሙ ሳይደርስ የሚከላከለው መድኃኒት እንዲዳረስ። ከአራቱ ውስጥ አዲስ የሚባል የለም። ሕመሙ በፔኒሲሊን ሊገታ እንደሚችል ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር አንድ ሕመም ተመርጦ ሌላው ለጊዜው መተዉ ነው። የደም ብዛት የብዙ ሰው ሕመም ሆኖ ሳለ ስለምን ቀድሞ ሩማቲክ ተመረጠ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ተቃውሞውም ምክንያት አያጣም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ የሚል ማኅበር አንዱንም ሳይይዝ እንደሚቀር ብዙ ማኅበራት በራሳቸው ላይ አይተውታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የመዝገብ ዓመታት ናቸው። የልብ ድካም ስላለባቸው አፍሪካውያን በ2012 የታተመው ጥናት ከ9 አገሮች፣ ከ12 ሆስፒታሎች 1006 ሕሙማንን የመዘገበ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከዘጠኙ አንዷ ነበረች። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ድካም በአመዛኙ የሽማግሌ ሕመም መሆኑን ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱም ሲመረመር በ45 በመቶው ላይ የደም ብዛት ሆኖ ሲገኝ፣ የልብ ደም ሥር መደፈን ግን 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶው 18 የሚሆኑት ሞተዋል። ከዚህ ጥናት በፊት የልብ ድካም ያለበትን አፍሪካዊ በአውሮፓው መጽሐፍ የሚያክም ሐኪም ምን ያህል ከእውነተኛው ምክንያት ርቆ ሊያክም ይችል እንደነበር ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች መረዳት ይቻላል።

ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዘው መዝገብ ደግሞ ከዚህ የባሰ የሚያሳዝን ነው። ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን ተሰባስበው የተመዘገቡት ሕሙማን 3343 ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንም ይገኙባቸዋል። የዕድሜያቸው መካከለኛ 28 ዓመት ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሕመሙ እንዳይመለስ የሚከላከለውን ፔኒሲሊን የሚወስዱት 55 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በመውለድ ዕድሜ ላይ ከነበሩት 1825 ሴቶች ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 65 ነበሩ። የልብ ቫልቯ የጠበበ ሴት ስታረግዝ ምን እንደሚያጋጥማት እዚህ ላለው ጉባኤ መግለጥ አያሻም። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ከመቶው 17 የሚሆኑት ሞቱ፤ ሲሞቱ የነበራቸው የዕድሜ መካከለኛም 28 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በአንድ ሊቅ ምርምር ሳይሆን፣ 25 ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ቅጽ በአንድ ዓይነት መንገድ ለመሙላት ፈቃደኛ በመሆናቸው ነው። ይህን ያህል ሆስፒታል ተመሳሳይ ቅጽ እንዲሞላ ማድረግ የማኅበር መሪ ሥራ ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ ሐውልት አይቆምም፤ ሐውልት ቢቆም ኖሮ ግን ቅጹን ለሞሉት ነርሶችም ቦታ መኖር ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው መናገር ግድ ይሆናል፤ ይኸውም ስለ ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ ነው። ማዮሲ የተወለዱት በ1967 በደቡብ አፍሪካ፣ በቀድሞው ትራንስካይ፣ በምታታ ነው። አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ነርስ ነበሩ። በናታል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በኦክስፎርድ ምርምር ሠርተው ከተመለሱ በኋላ፣ በ2006 አርባ ዓመት ሳይሞላቸው በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲና በኽሩተ ስኪዩር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። ይህ ሆስፒታል በዓለም የመጀመሪያው ከሰው ወደ ሰው የልብ ዝውውር በታኅሣሥ 3 ቀን 1967 የተደረገበት ነው። ልብ ሲዛወር ዓለም ሁሉ ባየበት በዚያ ሆስፒታል ተቀምጠው የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ጊዜ ያዋሉት ግን የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ባለመታከሙ ስለሚበላሽ ልብ ነው። ይህ ምርጫቸው ስለ ሰውየው ከብዙ ሽልማት ይልቅ ይናገራል።

በእሳቸው መሪነት በ8 የአፍሪካ አገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች በ1400 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመው ጥናት የአመራራቸውን ጠባይ የሚያሳይ ነው። በቲቢ ምክንያት ለሚመጣው የልብ ሽፋን ብግነት ፕሬድኒሶሎን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ነበር። የጥናቱ መልስ ለማንም ወገን ሙሉ ድል የሚሰጥ አልሆነም። መድኃኒቱ ሞትን አልቀነሰም፤ የልብ ሽፋን ተጣብቆ ልብን የሚያንቅበትን ችግር ግን ቀነሰ፤ በአንጻሩ ደግሞ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የተያያዘ ካንሰርን ጨመረ። ከሕሙማኑ ሁለት ሦስተኛው ቫይረሱ በደማቸው የነበረ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ አህጉር የሚኖር ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ ምክንያት አልነበረውም፤ ቢጠይቅም ሕሙማኑን አያገኛቸውም ነበር።

ማዮሲ የመላ አፍሪካው ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ከእሳቸው በፊት እንደ ካሜሩኑ ፕሮፌሰር ዋሊንጆም ሙና ያሉ ሰዎች፣ ከእሳቸውም በኋላ ኬንያዊው ፕሮፌሰር ኤላይጃ ኦጎላ በዚያው ወንበር ተቀምጠዋል። ወንበሩ ከመካከለኛው አፍሪካ ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ምሥራቅ መዞሩ ለአንዳንዶች የይሉኝታ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለማዘዝ የማይችል መሪ ኃይሉ ተሰሚነቱ ብቻ ነውና፣ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ሀብታም አገር ማኅበር ነው ተብሎ የተጠረጠረ ዕለት ተሰሚነቱ ያልቅበታል።

ሁለተኛው የአመራር መንገድ የመንግሥታትን በር ማንኳኳት ነው። በየካቲት ወር 2015 በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ጠሪነት የማኅበሩ ሊቃውንት ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስችሉ ሰባት ተግባራትን የያዘ የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባለውን ሰነድ አወጡ። በዚያው ዓመት በሰኔ የኅብረቱ የመሪዎች ጉባኤ ተቀበለው። በግንቦት ወር 2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሩማቲክ ትኩሳትና ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ውሳኔ አሳለፈ። በድራከንስበርግ ተራራ ሥር በጥቂት ሐኪሞች የተጀመረ ነገር በአሥራ ሦስት ዓመት ጄኔቫ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ያደረገው የገንዘብ ኃይል አይደለም፤ ማኅበሩ ያን ያህል ገንዘብ ኖሮት አያውቅም። በእጁ የነበረው መዝገብ ነው። ሚኒስትር ሐዘኔታን በትህትና አድምጦ ሊያሰናብት ይችላል፤ የገዛ አገሩ ሆስፒታል የመዘገባቸውን የሞቱ ወጣቶች ቁጥር ግን እንዲሁ ለማሰናበት ይቸግረዋል።

ከሰባቱ ተግባራት ጥቂቱን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው በተመረጡ ቦታዎች የሕሙማን መዝገብ እንዲያዝ፣ በዚህም ሞትን እስከ 2025 በ25 በመቶ የመቀነሱ ግብ እንዲለካ ይጠይቃል። የተቀጠረው ዓመት ደርሶ ሲታይ፣ መዝገብ ባልተያዘበት አገር ሞቱ መቀነሱም መጨመሩም ሊታወቅ አይችልም፤ ግቡ ያለ መለኪያው ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ሌላው ለሕመሙ የተጋለጡ ሴቶች የወሊድ አገልግሎት እንዲያገኙ የሚለው ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት 65 ሴቶች ወደ ፖለቲካ ሰነድ የገቡት በዚህ አንቀጽ ነው። የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ አውራጃ እንዲወርድ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡና ባለሙያ የሚያሠለጥኑ ማዕከሎች በአህጉሩ እንዲቋቋሙ የሚሉት አንቀጾች ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው፤ ስለዚህም ቀስ ብለው መሄዳቸው ይጠበቃል።

አስቸጋሪው፣ ርካሽ የሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። መርፌው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ለፋብሪካ ትርፍ አያስገኝም፤ ትርፍ ስለሌለው የሚያመርቱት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሲያቆም በብዙ አገር መድኃኒቱ ከመጋዘን ይጠፋል። በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። በአንዳንድ ሥፍራ መርፌው እንደ ተወጋ ወዲያው የሞተ ሕመምተኛ በመታየቱ፣ ነርሶች መድኃኒቱን ለመውጋት እምቢ የሚሉበት ጊዜ አለ፤ በኢትዮጵያም ይህ ፍርሃት እንግዳ አይደለም። የጥቅሙ መጠን ግን ከአፍሪካ በተገኘ ማስረጃ ተረጋግጧል። በሰሜን ኡጋንዳ፣ ሕመሙ ገና ምልክት ባልሰጠባቸውና በአልትራሳውንድ በተለዩ 818 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመው ጥናት፣ ለሁለት ዓመት መርፌውን ከወሰዱት ልጆች የባሰባቸው 3 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 33 መሆናቸውን አሳይቷል።

አሁን ወደ ተተወው ጉዳይ፣ ወደ ሐኪሙ ራሱ እንመለስ። ማዮሲ በመስከረም 2016 የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ወቅቱ የተማሪዎች ተቃውሞ የደቡብ አፍሪካን ዩኒቨርሲቲዎች ያናወጠበት ነበር። በ2017 የልብን ጡንቻ ለሚያበላሽና ወጣቶችን በድንገት ለሚገድል የዘር ሕመም ምክንያት የሚሆን አዲስ የጂን ለውጥ እሳቸው ከተባባሪዎቻቸው ጋር ማግኘታቸው ሲነገር፣ ከውጭ ለሚመለከታቸው ሰው በሙያቸው ጫፍ ላይ የደረሱ ይመስል ነበር። በሐምሌ 27 ቀን 2018፣ በ51 ዓመታቸው አረፉ። ለሁለት ዓመት ያህል ከድብርት ሕመም ጋር ሲታገሉ ቆይተው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ማጥፋታቸውን ቤተሰቦቻቸው ሳይደብቁ ለሕዝብ አስታወቁ። ዩኒቨርሲቲው ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤም በ2020 ይፋ በሆነው ሪፖርቱ፣ ከዲንነቱ ለመልቀቅ ጠይቀው እንደነበር ጠቅሷል።

የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት መግለጥ ሐኪም የሚሠራው ስሕተት አይደለም፤ ሊሠራውም አይገባም። ድብርት ሕመም ነው፤ ሥራ የሌለውንም ሥራ የበዛበትንም ይይዛል። የቤተሰቡ ግልጽነት ግን ለባለሙያዎች ማኅበር ሁሉ አንድ ነገር ትቷል። ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ሕመም፣ በተለይም ስለ አእምሮ ሕመም፣ ለባልደረባ እንኳ አይናገሩም። የሌላውን የልብ ምት በደቂቃ የሚቆጥር ሐኪም የራሱ እንቅልፍ ከጠፋ ስንት ወር እንደሆነው ቢጠየቅ ሳቅ ብሎ ያልፋል። ባልደረቦቹም አብረው ይስቃሉ። መሪ ሲሆን ደግሞ መደበቁ የሥራው ክፍል ይመስለዋል።

ማኅበራትም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደሉም። አንድ ሰው ብርቱ ሆኖ ሲገኝ የሚደረግለት ነገር የታወቀ ነው፤ ሌላ ኮሚቴ ይጨመርለታል። የጥናቱ መሪ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ የጉባኤው ሰብሳቢ፣ የሚኒስቴሩ አማካሪ፣ የወጣቶቹ አሠልጣኝ እሱ ይሆናል። በምርጫ ዕለት ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባውም ከእምነት ይልቅ ከእፎይታ የመጣ ለመሆኑ የሚመሰክረው፣ በማግስቱ ስልክ የሚያነሣለት ሰው መጥፋቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ከተጠቀሰ በኋላ ሎሚው ለዚያው ሰው ይሰጣል።

የመላ አፍሪካው ማኅበር ከማዮሲ በኋላ ሥራው አለመቆሙ በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ምክንያቱ ሥራው ቀድሞውኑ በብዙ እጅ ተይዞ መቆየቱ ነው። ለአፍሪካውያን የደም ብዛት ሕሙማን የትኞቹ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ቢሰጡ ይሻላል የሚለውን የመረመረው ጥናት፣ እሳቸው ከመሪዎቹ አንዱ ሆነው የተጀመረ ሲሆን፣ ውጤቱ የታተመው ካረፉ በኋላ በ2019 ነው። በ6 አገሮች በ728 ሕሙማን ላይ ተደርጎ፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥንድ መድኃኒቶች አምሎዲፒን ከሌለበት ጥንድ የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ጽሑፉን ከፊት ሆነው ያቀረቡት ናይጄሪያዊው ሐኪም ዲኬ ኦጂ ናቸው። ከዚያም በፊት በ2017 ማኅበሩ የደም ብዛትን ለመቆጣጠር አሥር ነጥብ ያለው ዕቅድ አውጥቶ ነበር፤ በዚህም ሥራ ካሜሩናዊው አናስታስ ዙዲ ከፊት ተሰልፈዋል። በሩማቲክ ሕሙማን ላይ በ24 አገሮች ከ4500 በሚበልጡ ሰዎች ተደርጎ በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። አዲሱ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከአሮጌው የተሻለ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለውን አሮጌውን የወሰዱት ያነሰ ሞት ታየባቸው። በሌላ ዓይነት ሕሙማን ላይ የተገኘውን ውጤት ወስዶ ለሩማቲክ ሕሙማን መስጠት ምን ሊያስከትል ይችል እንደነበር ይህ ጥናት ብቻውን ይመሰክራል። በ1981 መሥራቾቹ የተናገሩት በአርባ አንድ ዓመቱ በቁጥር ተረጋገጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኢትዮጵያን ሁኔታ በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሰሚው ከተናጋሪ ይልቅ ያውቀዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ያለው ተስፋ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል የተከፈተው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። ሃያ ዓመት አንድን ነገር ይዞ መቆየት ራሱ አንድ ዓይነት አመራር ነው፤ ነገር ግን ለሃያ ዓመት የሚቆይ ሰው በተገኘ ቁጥር ተተኪውን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሰውየው ሳይሆን የማኅበሩ ዕዳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በመሆኑም አባላት ለቀጣዩ ዘመን መሪዎችን ከመጠቆማቸው በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ቢሰፍር ይበጃል። አንደኛው የፕሬዚዳንቱ ሥራ የትኛው እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ነው። መዝገቡን የሚከታተል ሌላ ሰው፣ ከሚኒስቴሩ ጋር የሚጻጻፍ ሌላ ሰው፣ ወጣት ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ሌላ ሰው በስም ይታወቅ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ኮሚቴ በላይ እንዳይዝ ይወሰን፤ እለቃለሁ የሚልም ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅና ሳይለመን የሚሰናበትበት መንገድ ይኑር። ሁለተኛው በመጀመሪያው ዓመት ማኅበሩ የሚይዘው አንድ ሥራ ነው፤ አንድ ብቻ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከቤንዛቲን መርፌ በኋላ ወዲያው ከሚደርሱት ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ሳይሆን ከልቡ ድካም የተነሣ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ስለዚህም ቫልቩ ክፉኛ ለተጎዳና ልቡ ለደከመ ሕመምተኛ በመርፌው ፈንታ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሊታሰብ እንደሚገባ ገልጧል። ምክሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለሐኪም ነው። መርፌውን የምትወጋው ግን በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት። ከመውጋቷ በፊት የትኛውን ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት፣ የትኛውንም ያለ ፍርሃት መውጋት እንደምትችል የሚነግር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋታል። ያ ወረቀት ሕመምተኛው በጀርባው እንዲተኛ፣ ከመርፌው በፊት ውሃ እንዲጠጣና ምግብ እንዲቀምስ፣ ከተወጋም በኋላ ጥቂት ጊዜ ሳይነሣ እንዲቆይ ጭምር ይናገር። አርቃቂዎቹ ከልብ ሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከመድኃኒት ባለሙያዎች ይውጣጡ፤ የመጀመሪያው ረቂቅም መርፌውን በየቀኑ ለሚወጉት ነርሶች ተነብቦ፣ እነሱ ያልገባቸው ቃል ሁሉ ከታረመ በኋላ ይታተም።